አደራ በኪራይ ይገኛልን?

ሰው ቤቱን ለማያውቀው ሰው የሚያስረክብበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ከእነዚያ ጥቂት ጊዜያት አንዱ ከአገር አገር ዕቃውን ጭኖ የሚዛወርበት ቀን ነው። በዚያን ቀን አልጋው፣ ፍራሹ፣ ቁም ሣጥኑ፣ የልጆቹ ደብተር፣ የባለቤቱ ጀበናና ሞሰብ፣ ከግድግዳ የወረደው የአባቱ ፎቶግራፍ ሳይቀር አንድ መኪና ላይ ይከመራል። ሸራ ይለብሳል፣ በገመድ ይታሰራል። ከዚያም እስከ ትናንት የማያውቀው ሹፌር ሞተሩን አስነሥቶ ይዞት ይሄዳል።

ውድ አንባብያን፣ ለመሆኑ ይህ ሰው የተከራየው ምንድን ነው? መኪናውን ነውን? የሹፌሩን ሙያና የጫኞቹን ጉልበት ነውን? ወይስ ታማኝነታቸውንም ጭምር ነው? መኪናና ጉልበት በኪራይ እንደሚገኙ ሁሉም ያውቃል። ታማኝነት ግን ዋጋ ተቆርጦለት የሚሸጥ ነገር ነውን? የሚሸጥ ከሆነስ፣ የበለጠ የከፈለ በመጣ ጊዜ ለእርሱ መሸጡ አይቀርምና ምኑን ታማኝነት ሆነ? የማይሸጥ ከሆነ ደግሞ፣ ከፍለን የምንጠይቀው በምን መብታችን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መመርመር ነው። ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕር ዳር ዝውውር የደረሰው መምህር፣ ሱቁን ዘግቶ ወደ ልጆቹ የሚሄድ ነጋዴ፣ ባሏን ተከትላ የምትሄድ ሙሽራ ሁሉ ሳያስቡት የሚመልሱት ጥያቄ ነውና።

መንገዱና ጭነቱ

በቅድሚያ ነገሩ በአካባቢያችን እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በትልልቅ የውጭ አገር ከተሞች የቤት ዕቃ ማዛወርን ብቻ ሥራቸው ያደረጉ ኩባንያዎች አሉ። በአዲስ አበባም እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ብቅ ብለዋል። በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ግን የተለመደው ሌላ ነው። ሰው ዕቃውን ማዛወር ሲፈልግ መኪና ተራ ሄዶ ደላላ ያነጋግራል፤ ወይም የሚያውቀው ነጋዴ ከአዲስ አበባ ሸቀጥ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ያገናኘዋል። ጫኝና አውራጆች ይጠራሉ። ዋጋ ይነገራል፣ ይከራከሩበታል፣ ይስማማሉ። ብዙውን ጊዜ ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል እንኳ በወረቀት ላይ አትሰፍርም።

መንገዱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በሉማሜ በኩል ደጀን ይደርሳል። ከደጀን በኋላ ዓባይ በረሃ ይጀምራል፤ መኪናው ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2008 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ መሻገሪያው ተሻሽሏል። ቁልቁለቱ ግን ያው ቁልቁለት ነው። ፍሬን ያላስመረመረ፣ ጭነቱን ያላመዛዘነ፣ እንቅልፉን ያልጠገበ ሹፌር ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። ባለ ዕቃው ግን በዚያች ሰዓት ብዙውን ጊዜ እዚያ የለም። ወይ በአውቶቡስ ቀድሞ ሄዷል፣ ወይ ገና ቤቱን ጠርጎ ቁልፍ እያስረከበ ነው።

የነገሩ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አደራ አደራ የሚሆነው ባለቤቱ በሌለበት ነው። ባለቤቱ ቆሞ እያየው የሚሠራ ሰው ጠንቃቃ ሊሆን ይችላል፤ ታማኝ መሆኑ ግን ገና አልታወቀም።

ንብረቱ በጀርባ የሚጫን ሕዝብ

ይህ ጥያቄ ለጎጃም አዲስ አይደለም። ከዛሬዋ ደብረ ማርቆስ፣ በቀድሞ ስሟ ከመንቆረር በስተ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ አቅጣጫ የነበረው የባሶ ገበያ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢትዮጵያ ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከእናርያና ከሌሎቹ የጊቤ አገሮች የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በጉድሩ አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ባሶ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ጎንደርና እስከ ምጽዋ ይዘልቃል። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንትዋን ዳባዲ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ እናርያ የወረደው በዚሁ የነጋዴዎች መንገድ ነበር። ከነጋዴዎቹም አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ።

ለምን ነጋዴዎች ሆኑ ቢባል አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ሙስሊሙ በደጋው አገር ርስት የመያዝ መብት አልነበረውም። ንግድና ሽመና ግን አልተከለከሉም። ርስት ያለው ሰው ንብረቱ እግሩ ሥር ነው፤ ማንም ጭኖ አይሄድበትም። ነጋዴው ግን ያለው ሁሉ በበቅሎና በአህያ ጀርባ የሚጫን ነበር። ድልድይ በሌለበት ወንዝ፣ ፖሊስ በሌለበት በረሃ፣ ስልክ በሌለበት ዘመን የአንድ ወር፣ የሁለት ወር መንገድ ለሚሄድ ሰው ዕቃውን የሚሰጥ ነጋዴ በምን ላይ ተመክቶ ነው? መልሱ አንድ ነው፦ በስም። አደራ የበላ ሰው ስሙ ከእርሱ ቀድሞ ቀጣዩ ገበያ ይደርሳል። በሚቀጥለው ዓመት የሚያስጭነው አያገኝም። ርስት ለሌለው ሰው ስሙ ርስቱ ነበር።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ስናነሣ አሳምረን ብቻ መናገር ሐቅን ማጉደል ይሆናል። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ገበያ፣ ከቡናውና ከዝባዱ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ባሪያውን ከእናርያ ተቀብሎ ሳያጎድል ለላከው ነጋዴ ያስረከበ ሰው በነጋዴዎች ዘንድ ታማኝ ይባል እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን ይህ ምን ዓይነት ታማኝነት ነው? የተላከውን በትክክል ማድረስ ብቻውን አማና አይሆንም። ምን ተጫነ፣ የማን ሐቅ ተጫነ የሚለውም ይጠየቃል። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ ዛሬም ቢሆን የባለ ዕቃው ኃላፊነት የሚጀምረው ከዚህ ነውና።

«የኛ ሰው ነው»

ዛሬ ዕቃ የሚያስጭን ሰው የሹፌሩን ታማኝነት በምን ይለካል? ብዙ ጊዜ የምንሰማው የመጀመሪያው መለኪያ «የኛ ሰው ነው» የሚለው ነው። የአገሬ ልጅ ነው፣ የአክስቴ ልጅ ጓደኛ ነው፣ ከእኔ ጋር አንድ መስጊድ ይሰግዳል፣ ወይም በሌላው ወገን አንድ ማኅበር ይጠጣል። ይህ ከንቱ ነገር ነው አንልም። የሚታወቅ ሰው የሚያፍርበት ሰው አለው፤ ቢያጠፋ የሚከሰስበት ሽማግሌ አለው። ከባሶ ነጋዴዎች ያየነው ስም ማለትም ይኸው ነው።

ነገር ግን ወገን መሆን ታማኝ መሆን አይደለም። ለዚህ ከሒጅራው ታሪክ የበለጠ ምስክር የለንም። በዓለም ታሪክ ውስጥ ከአገር አገር የተደረገ ጉዞ ቢቆጠር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ወደ መዲና ካደረጉት ይበልጥ አስጊ የነበረውን ማግኘት ያዳግታል። ቁረይሾች ይዟቸው ለመጣ መቶ ግመል እንሰጣለን ብለዋል። በዚህ ሰዓት መንገድ እንዲመራ በክፍያ የተቀጠረው ማን ነበር? ዐብደላህ ኢብን ኡረይቂጥ ነው። ይህ ሰው ሙስሊም አልነበረም፤ በቁረይሾቹ ሃይማኖት ላይ የነበረ ሰው ነው። ሁለቱን የመጓጓዣ ግመሎች አስቀድመው ሰጡት፤ ከሦስት ሌሊት በኋላ ሰውር ዋሻ እንዲመጣ ቀጠሩት። ግመሎቹን ይዞ በቀጠሮው ደረሰ።

እስቲ እናስብ። በአንድ ቃል መቶ ግመል ሊያገኝ ይችል ነበር። የወገኖቹን ምስጋናም ያገኝ ነበር። የተቀጠረበት ዋጋ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምን ሊሆን ይችላል? ስለዚህ ታማኝነቱን የገዛው ኪራዩ አልነበረም ማለት ነው። ኪራዩ የገዛው መንገድ ማወቁን ነው። ታማኝነቱ ከእርሱ ዘንድ ቀድሞ የነበረ ነው፤ የመረጡትም ያንን አውቀው ነው። በዚያኑ ሰሞን ዐሊ (ረ.ዐ.) መካ የቀረው ለምን እንደ ነበርም አንባቢ አይረሳውም፤ ሰዎች ነቢዩ ዘንድ ያስቀመጡትን አደራ ለየባለቤቱ ለመመለስ ነው። ከአደራ ባለቤቶቹ መካከል ያሳደዷቸው ሰዎችም ነበሩበት። ጠላትነት አደራን አላስቀረም፤ በእምነት መለየትም ሙያና ታማኝነት ያለውን ሰው ከመቅጠር አላገደም።

ከዚህ የምንማረው «የኛ ነው ወይ?» ከማለት በፊት «ሥራውን ያውቃል ወይ? ከዚህ በፊት አደራ ሰጥተውት ምን አደረገ?» ማለት እንደሚገባ ነው። በቁርኣን የመድየኑ ሽማግሌ ልጅ ሙሳን አባቷ እንዲቀጥሩት ስትመክር ያነሣቻቸው ሁለት ነገሮች ብርታትና ታማኝነት እንደሆኑ ይታወቃል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ታማኝ ሆኖ ፍሪጅ እንዴት ቆሞ እንደሚጫን የማያውቅ ሰው በቅንነት ይሰብረዋል። ሙያውን አሳምሮ የሚያውቅ ታማኝነት የሌለው ሰው ደግሞ አሳምሮ ይሰርቃል።

«አታምነኝም እንዴ?»

ሁለተኛው ጥያቄ የወረቀት ነው። ባለ ዕቃው «ዕቃውን ቆጥረን እንጻፍ፣ አንተም ፈርምልኝ፣ እኔም ልፈርም» ሲል ብዙ ሹፌሮች ፊታቸው ይለወጣል። «ወንድሜ፣ አታምነኝም እንዴ?» ይላሉ። ባለ ዕቃውም ያፍራል። በተለይ ሹፌሩ በዘመድ በኩል የመጣ ከሆነ «ለእርሱ እንዴት ወረቀት አወጣለሁ?» ይላል። በዚህ ይሉኝታ ስንት ዕቃ እንደ ጠፋ፣ ከዕቃውም በላይ ስንት ዝምድና እንደ ፈረሰ ቤት ይቁጠረው።

እዚህ ላይ አንድ የሐሳብ ስሕተት አለ። መጻፍ የጥርጣሬ ምልክት ነው ተብሎ ይታሰባል። ጠለቅ ብለን ስናየው ግን ወረቀቱ የሚጠብቀው ባለ ዕቃውን ብቻ አይደለም። መምህሩ አዲስ አበባ ደርሶ «ቴሌቪዥኔ ተሰንጥቋል» ቢል፣ ሲጫን ጀምሮ ተሰንጥቆ የነበረ ቢሆንስ? «ሁለት ካርቶን ጎድሏል» ቢል፣ ካርቶኖቹ ከመጀመሪያው ያልነበሩ ቢሆኑስ? ወረቀት የሌለው ሐቀኛ ሹፌር ምን ብሎ ራሱን ይከላከላል? እንግዲያው ጽሑፉ የሁለቱም ጋሻ ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ዱቤን በጽሑፍ ስለማስፈር የሚናገር መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። ትእዛዙ የተሰጠው እርስ በርስ ለማይተማመኑ ሌቦች ሳይሆን ለአማኞች ነው። ሰው ታማኝ ሆኖ ሳለ ይረሳል፤ ሁለት ታማኞች አንዱን ነገር በሁለት መንገድ ያስታውሳሉ።

መጻፉም የሚከብድ አይደለም። በሁለት ቅጂ የሚሆን አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። የዕቃው ብዛት በቁጥር፣ የሚሰበሩት ለይተው፣ ቀድሞ ጉዳት ያለባቸው ከነጉዳታቸው፣ የመኪናው ታርጋ፣ የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ የሚነሣበትና የሚደርስበት ቀን፣ የተስማሙበት ዋጋ፣ ቀብድ የተከፈለውና ሲደርስ የሚከፈለው፣ ጫኝና አውራጅ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይሰፍራል። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ምስክር ይፈርማል። ከተቻለ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ጋቢና ይቀመጣል። ግመልን አስሮ በአላህ መመካት እንዲህ ነው። ያላሰረ ሰው ተመካሁ ቢል ተዘናግቷል እንጂ አልተመካም።

አምስት እጅ ያለፈ አደራ

ሦስተኛው መለኪያ ዋጋ ነው። ርካሹን የመረጠ ሁሉ ሞኝ ነው ማለት አይቻልም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ይታወቃል። ባዶውን ተመላሽ የሆነ መኪና ዋጋ ቢቀንስ ተገቢ ነው፤ ሊሄድበት የነበረውን መንገድ ነውና የሚሄደው። ነገር ግን ርካሽነቱ ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቁ መቀበል ሌላ ነገር ነው። ዋጋው የቀነሰው መኪናው ተመላሽ በመሆኑ ነውን? ወይስ ሹፌሩ ሌሊት ሳይተኛ ስለሚነዳ ነው? ወይስ ከዕቃው በላይ እህል ደርቦ ሊጭንበት ስላሰበ ነው? የሌላውን ሰው ድካም ወይም የራሳችንን ዕቃ መሰባበር በርካሽ ገዝተን እንደሆነ መመርመር ይገባል።

ከዋጋው ጋር የተያያዘው ትልቁ ችግር የእጅ መብዛት ነው። ባለ ዕቃው የተስማማው ከደላላው ጋር ነው። ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሰናበታል። ሹፌሩ «እኔ ቅጥር ነኝ፣ ባለ መኪናውን አነጋግር» ይላል። ባለ መኪናው «እኔ ዕቃህን አላየሁም» ይላል። ረዳቱ «ያሰሩት ጫኞቹ ናቸው» ይላል። ጫኞቹ «ስናስረው ደህና ነበር» ይላሉ። አምስት ሰው ገንዘብ ተቀብሏል፤ ሲጠየቅ ግን አንድም ሰው የለም። ገንዘቡ ለአምስት ሲከፈል ኃላፊነቱም አብሮ ለአምስት ተከፍሎ፣ ተከፍሎ አለቀ ማለት ነው።

በእኔ እምነት ስሕተቱ አደራን እንደ እንጀራ መቁጠር ነው። እንጀራ ለአምስት ሰው ሲቆረስ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል። አደራ ግን እንዲህ አይቆረስም። አምስት ሰው የተቀበለው አደራ በአምስቱም ላይ ሙሉውን አለ። ደላላው «አገናኘሁ እንጂ አልጫንኩም» ማለት አይችልም፤ የሸጠው «ይህ ሰው ይታመናል» የሚለውን ቃሉን ነውና። ባለ መኪናውም «አላየሁም» ቢል አያዋጣውም፤ ሹፌሩን የመረጠው እርሱ ነው። ይህ ማለት ግን አንዱ ዕቃ አምስት ጊዜ ይከፈላል ማለት አይደለም። ካሣው አንድ ነው፤ ሽሽቱ ግን ለማንም አይፈቀድም ማለት ነው።

ጥፋትና አደጋ

«እንግዲህ ዕቃ በጠፋና በተሰበረ ቁጥር ድሃው ሹፌር ይክፈል ነውን? ትርፉ የፍሪጅ ዋጋ አይሞላም» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ክብደት ያለው ነው፤ ሊናቅም አይገባም። እንዲያውም ከሺህ ሁለት መቶ ዓመት በፊት ታላላቅ ሊቃውንት የተከራከሩበት ጉዳይ ነው። ለሕዝብ ሁሉ በዋጋ የሚሠራ ሰው፣ እንደ ልብስ ሰፊና እንደ ዕቃ ተሸካሚ ያለ፣ በእጁ የገባው ዕቃ ቢጠፋ ይከፍላል ወይ? በሒጅራ 150 ያረፉት ኢማም አቡ ሐኒፋ ዕቃው በእጁ ያለው በአደራ ስለሆነ የራሱ ሥራ ወይም ጥፋት ካላጠፋው አይከፍልም አሉ። ሁለቱ ታላላቅ ደቀ መዛሙርታቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ ግን ከመምህራቸው ተለዩ። እንደ ሰፊ ቃጠሎ ያለ ሊከላከለው የማይችል አደጋ ካልሆነ በቀር ይከፍላል አሉ።

ልዩነቱ የሚያሳየው ሁለት እውነቶችን ነው። የመምህሩ ሐሳብ የሠራተኛውን ሐቅ ይጠብቃል፤ ያላጠፋ ሰው ለምን ይቀጣል? የተማሪዎቹ ሐሳብ የሕዝቡን ንብረት ይጠብቃል፤ «ጠፋብኝ» ማለት ብቻ ካዳነ ጠፋብኝ የሚለው ይበዛል፤ ባለ ዕቃው ደግሞ በሌለበት የተደረገውን ጥፋት በምን ያስረዳል? የአገራችን የአሁኑ ሕግም ወደ ሁለተኛው ያጋደለ ነው። በየብስ ዕቃ ስለማጓጓዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 547/1999 አጓጓዡ ዕቃውን ከተረከበበት እስከሚያስረክብበት ጊዜ ለሚደርሰው መጥፋትና መበላሸት ኃላፊ የሚሆንበትን ሥርዓት ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአደራ የተሰጠውን የራሱ አድርጎ የወሰደን ሰው የሚቀጣበት ወንጀል «እምነት ማጉደል» ይባላል። ስሙን ልብ ይሏል፤ የጎደለው ዕቃው ቢሆንም ሕጉ የጎደለ ያለው እምነቱን ነው።

ስለዚህ ጥፋትና አደጋ ይለዩ። ከዓባይ ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ወርዶ መኪናውን ቢመታ አደጋ ነው። ፍሬኑ እንደ ሳሳ እያወቀ ወርዶ ቢገለበጥ ጥፋት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ ታይቷል፤ ሹፌሮችም በሕይወታቸው ላይ የሚመጣ አደጋ እያለ ተጉዘዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ «በዚህ ቀን አደርሳለሁ» ብሎ መማል የማይችለውን መማል ነው። ሐቀኛ አጓጓዥ ስለ መንገዱ ቃል ሊገባ አይችልም፤ ቃል የሚገባው ስለ ራሱ ነው። «መንገድ ቢዘጋ እደውልልሃለሁ፤ ዕቃህን ጥዬ አልሄድም፤ የሆነውን ሳልደብቅ እነግርሃለሁ» ካለ ከእርሱ የሚጠበቀውን ሁሉ ብሏል። ባለ ዕቃውም ቢሆን መንገዱ አስጊ መሆኑ እየተነገረው «ዛሬውኑ ካልሄድክ» ብሎ ማስገደድ የለበትም። አልጋና ቁም ሣጥን የሰው ነፍስ አይከፈልባቸውም።

የባለ ዕቃው አደራ

እስካሁን የተናገርነው ሹፌሩ ስለሚጠየቅበት ነው። አደራ ግን በአንድ ወገን ብቻ አይቆምም። ባለ ዕቃውስ ምን አለበት?

አንደኛ፣ የሚያስጭነውን በሐቅ መናገር አለበት። «ትንሽ የቤት ዕቃ ናት» ብሎ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ አሥር ኩንታል ጤፍ ከጓሮ የሚያወጣ ሰው የሰው መኪናና ጉልበት ሰርቋል። ከፍራሽ ሥር የተከለከለ ነገር ሸሽጎ የሚልክ ደግሞ የባሰውን አድርጓል። ኬላ ላይ ሲፈተሽ ታስሮ የሚያድረው ሹፌሩ ነው፤ የሚወረሰውም የሰው መኪና ሊሆን ይችላል። ስለ ባሶ ገበያ ስናነሣ ያልነው ይህን ነው። በሰላም መድረሱ ብቻ ጭነቱን ሐላል አያደርገውም።

ሁለተኛ፣ የተስማሙበትን ሳያጓትት መክፈል አለበት። ዕቃው ከወረደ በኋላ «ይህ ተጭሯል፣ ያ አቧራ ለብሷል» እያሉ ከኪራዩ መቀነሻ መፈለግ የተለመደ ሆኗል። ጉዳት ካለ በወረቀቱ መሠረት ይነገር፤ ከሌለ ግን ሰውየው ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ በራፍ ላይ እየቆመ ሊለምን አይገባም።

ሦስተኛ፣ የጫኝና አውራጁ ነገር ነው። በየከተማው የተደራጁ ወጣቶች ዕቃ ሲወርድ «ሠፈሩ የኛ ነው» ብለው ያልተስማሙበትን ዋጋ እንደሚጠይቁ፣ ባለ ዕቃው ራሱ አወርዳለሁ ቢል እንኳ ክፈል እንደሚሉ ብዙ ሰው ያማርራል። ባልሠራው ሥራ ዋጋ መጠየቅ ሐቅ አይደለም፤ መደራጀት ሥራ የማግኘት መብት ይሰጣል እንጂ የሰው ኪስ ላይ ግብር የመጣል መብት አይሰጥም። ነገር ግን ሌላውንም ወገን እንይ። ብፌና ፍሪጅ ተሸክሞ ሦስት ፎቅ ሲወጣ ወገቡ ለሚጎዳ ልጅ ሐኪም ቤት የሚወስደው ማነው? ትናንት ዋጋውን ቀንሰን፣ ዛሬ አስቸኩለን፣ ውኃ እንኳ ሳንሰጠው የሄድን ሰዎች ነገ «ሥነ ምግባር ጠፋ» ብንል ምን ያህል እንደመጣለን? ከመጫኑ በፊት ዋጋውን ፊት ለፊት መቁረጥ፣ ሲጨርሱም ወዲያው መክፈል የግማሹን ጠብ በር ይዘጋል።

ዋጋ የማይተመንለት

አንድ የመጨረሻ ነጥብ እንጨምር። ሕጉም ወረቀቱም የሚያውቁት ዋጋ ያለውን ዕቃ ነው። ፍሪጅ ቢሰበር ዋጋው ይታወቃል። የእናት ምጣድስ? በእጅ የተጻፈ የአያት ኪታብስ? የሞተ ልጅ ልብስ የታጠፈበት ትንሽ ሻንጣስ? ይህን ያጠፋ ሰው ምን ይክፈል? ገበያ ላይ ምንም አያወጣምና በካሣው ሒሳብ ምንም አልጠፋም።

የተነሣንበት ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መኪናውን ተከራይተናል፤ ሙያውንም ተከራይተናል። ዋጋ ላለው ዕቃ ዋስትናም በውል አግኝተናል። ዋጋ ለሌለው ግን የሚጠብቀን የሰውየው አላህን መፍራትና ሰውን ማክበር ብቻ ነው። ይህ በኪራይ አይገኝም። ስለዚህ ታማኝነት የሚከራዩት ሳይሆን ፈልገው የሚያገኙት ነገር ነው። ፈልጎ ለማግኘትም ጊዜ ይጠይቃል። ዕቃ ከማስጫን በፊት ከዚያ ሹፌር ጋር የተዛወሩ ሁለት ሦስት ቤተሰቦችን ሄዶ መጠየቅ፣ ዕቃቸው እንዴት እንደ ደረሰ ብቻ ሳይሆን አንድ ነገር ሲበላሽ ሹፌሩ ምን እንዳለ መጠየቅ ያስፈልጋል። ምንም ያልተበላሸበት ሰው ዕድለኛ ሊሆን ይችላል። ተበላሽቶበት ሳይጠየቅ የተናገረ ሰው ግን ታማኝ ነው።

ካገኘነውም በኋላ ስሙን መናገር የኛ ፋንታ ነው። እኛ በዳይን በየሻይ ቤቱ እናማለን፤ ደህና አድርጎ ያደረሰውን ግን ከፍለን እንረሳዋለን። በዚህም አጭበርባሪውና ሐቀኛው በአንድ ዋጋ፣ በአንድ መኪና ተራ፣ በአንድ ደላላ እጅ እንዲቆሙ አደረግን። የባሶ ነጋዴ አደራ የጠበቀውን ሰው ስም ከገበያ ገበያ ይዞ ይሄድ ነበር። እኛ በእጃችን ስልክ ይዘን ያንን ካልቻልን፣ ታማኝ አጓጓዥ ጠፋ ብለን የማማረር መብታችን ጥቂት ነው። አላህ አደራ ሰጪውንም አደራ ተቀባዩንም ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።